ለመስቀል የሚቀባው ምሰሶ

አክስቴ በርበሬ በረንዳ አጠገብ ጨው ታከፋፍላለች። የሱቋን ቆጥ፣ ከነተደረደረበት ጆንያ፣ ተሸክሞ የኖረው አንድ የብረት ምሰሶ ነው። እርሷም ውለታውን አትረሳም፤ በየዓመቱ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ከመሄዷ በፊት አረንጓዴ ቀለም ታስቀባዋለች። አሮጌው ሳይፋቅ አዲሱ ስለሚደረብበት ምሰሶው ከዓመት ዓመት ወፍሯል፤ አክስቴም ይህን እንደ ጤንነት ትቆጥረው ነበር።

ዘንድሮ የመቀባቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ስለ ዝገት ጥቂት አንብቤ ስለነበር፣ ብሩሹን ከመንከሬ በፊት የምሰሶውን እግር በቁልፍ ነካ ነካ አደረግሁት። የቀለሙ ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ፤ ከሥሩም ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ።

«አክስቴ፣ ጨዉ እርጥበት እየሳበ ብረቱን በልቶታል። ቆጡ ሊወርድ ይችላል» አልኋት።

«ሟርተኛ! ነገ መንገደኛ ነኝ፤ ዛሬ ቆጥ አፍርሺ ትለኛለህ?»

ከምናለሽ ተራ አንድ አዛውንት በያጅ ጠራሁ። ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ አዳመጡት። ላዩ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ እግሩ ዘንድ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ።

«ጋሼ፣ ኦክስጅንና እርጥበት ከጨው ጋር ሲገናኙ...» ብዬ ጀመርሁ።

«ቆይ የኔ መምህር፤ ምሰሶው ፈተና የለበትም» አሉና ወደ አክስቴ ዞሩ። «እትዬ፣ እግሩን ብቻ ቆርጬ እቀይረዋለሁ፤ ቆጡ አይፈርስም። መጀመሪያ ግን ይህን ሁሉ ካፖርት እናውልቅለት።»

ጆንያውን አውርደን፣ ቆጡን በባሕር ዛፍ ደግፈን፣ በሽቦ ብሩሽ ፋቅነው። ከአረንጓዴው መሐል አንድ ሰማያዊ ብቅ ሲል አክስቴ «ያን ዓመት አረንጓዴ ጠፍቶ ነው!» ስትል ተከላከለች። በያጁ አዲሱን እግር ከወለሉ ከፍ ባለ ኮንክሪት ላይ አቁመው በየዱት፤ ከዚያም ብረቱን ሁሉ አንቲረስት የሚባለውን ቡናማ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት።

«ይህ በደንብ ሳይደርቅ አረንጓዴው አይነካውም» አሉ።

«ለመስቀል ሱቄን በውስጥ ልብሱ ትቼው ልሂድ?»

«እርጥቡ ላይ ከደረቡበት መልሰው ያስጠሩኛል። እኔስ ምን ከፋኝ?»

አክስቴ እያጉረመረመች ሄደች። ከአገር ቤት ስትደውል ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም፤ «ደረቀ?» ነበር ያለችኝ። ሲደርቅ አረንጓዴውን ሁለት ጊዜ ሳሳ አድርጌ ቀባሁት፤ ጆንያዎቹንም ከእርሱ አርቄ በእንጨት ርብራብ ላይ ደረደርኋቸው።

የተመለሰች ዕለት ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ምሰሶው አመራች። ጎንበስ ብላ፣ ልክ እንደ በያጁ፣ እግሩን በጣቷ አንጓ አንኳኳች። ጥርት ያለ ድምፅ መለሰላት።

«እንኳን አደረሰህ!» አለች ቀና ስትል። ለማናችን እንደሆነ ስላልገባኝ፣ በሁለታችንም ስም «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኋት።