ባና ካሶንዴና የተነቀለው ቧንቧ

ባና ካሶንዴ የምትፈራው ነገር አልነበረም። በመዳብ ማዕድን ከተማችን በሉዋንሺያ፣ በማዕድኑ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ደም የነካው አንሶላም፣ የሚፈላው ገንዳም፣ የሚጮኸው አለቃም አላስደነገጧትም። ባሏ የሞተ ጊዜ ዘመዶቹ የቤቱን ዕቃ ሊከፋፈሉ ሲመጡ ዘነዘና ይዛ በር ላይ ቆመችና፣ “ግቡ፤ ግን ቀድሞ የሚገባው ጭንቅላት የማን እንደሆነ ተስማሙ” አለቻቸው። ማንም አልገባም።

እኔ ጎረቤቷ ባና ቺሉፍያ ግን ጥላዬን የምፈራ ሰው ነኝ። “ባና” የእገሌ እናት ማለት ነው፤ ሁለታችንም የምንጠራው በበኩር ልጆቻችን ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር የራሷን ስም ያወቅሁት የጡረታ ወረቀቷ በስሕተት እኔ ቤት የመጣ ዕለት ነው። ያቺን ሴት በዚህ ለስላሳ ምላሴ ልገድላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በፍሪጅ ነው። ባና ካሶንዴ ከበቆሎ ገንፎና ከተክል ሥር የሚጠመቀውን ሙንኮዮ የሚባል መጠጥ በአውቶቡስ ማቆሚያው ትሸጣለች። በእኛ አገር የጥቅምት ሙቀት ደግሞ ቀዝቃዛ ያልሆነ ሙንኮዮ የሚገዛ የለም። ልጇ ካሶንዴ ትልቅ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ገዝታ ላከችላት። የማዕድኑ ቤቶች ወጥ ቤት ግን እንኳን ይህን፣ ሰውንም በጎኑ የሚያስገባ ነው። ስለዚህ ግንበኛው ካፓሳ ተጠርቶ የድሮውን የከሰል ምድጃ አፈረሰ፤ አሮጌዋን የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን በቦታዋ ተዋት፤ ወለሉን ነጭ ሴራሚክ አለበሰ፤ ግድግዳው ውስጥ የዛገውን የብረት ቧንቧ ነቅሎ በፕላስቲክ ተካው። ብረቱን ለቁራጭ ብረት ገዢ ሸጠው።

ፍሪጁን ያስገቡት ዓርብ ዕለት ነው። ሁለት ጣት ያህል ጠበበውና ካፓሳ የግድግዳውን ጠርዝ በመሮ ፈለፈለለት። ከኋላው አየር እንዲያገኝ አንድ ስንዝር ተዉለት። ባና ካሶንዴ አናቱ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጣ፣ ውኃው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ እግሮቹን አስጠመዘዘችው። በመኪና ተኝቶ ስለመጣ እስከ ማታ አላበራችውም። ሲበራ እንደ ጠገበች ድመት አጉረመረመ። በሩን ዳሰስኩት፤ ምንም አላደረገኝም።

ከዚያ ሕግ አወጣች፤ በጫማ ሴራሚኩን መርገጥ ክልክል ነው። “ነጠላ ጫማ ብሆን ደጅ አድራለሁ” ስላት፣ “አንቺ ጫማ ባትሆኚም ደጅ ታድሪያለሽ፤ ለማንኳኳት እንኳ ታፍሪያለሽ” ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የካሶንዴ ባል ሙሶንዳ መጣ። በማዕድኑ የኤሌክትሪክ ክፍል የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ከተጋቡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የሚስቱ ወገን ግን ገና ደግሰው ወደ ቤት አላስገቡትም። አማች ደግሞ ሳይገባ የሚስቱን እናት ቤት አይረግጥም፤ ፊቷን አያይም፤ የሚነግራት ካለው በሦስተኛ ሰው ነው። ያን ዕለት ሦስተኛዋ ሰው እኔ ነበርኩ። እሱ ከማንጎው ሥር ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ቆመ፤ እሷ ውስጥ ወለል ትወለውላለች።

ድንገት ወደ ጎን ዞር ሲል ከግድግዳው ወደ ደጅ የሚወጣውን የፕላስቲክ ቧንቧ አየና ጎንበስ አለ።

“እማማ፣ የብረቱ ቧንቧ የታለ?”

“ተሸጠ፣ ልጄ።”

“እሱ ላይ ታስሮ የነበረው ሽቦስ?”

ሽቦው ግድግዳው ሥር ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። በጣቱ አሳየኝ። “እማማ፣ አንድ በአንድ ንገሩልኝ። የእነዚህ ቤቶች ኮረንቲ ሲያፈስ ወደ መሬት የሚወርደው በዚያ ብረት ነበር። አሁን አንዱ ዕቃ ቢያፈስ መውረጃ የለውም፤ በሽቦው ዞሮ ብረት በለበሰ ዕቃ ሁሉ ላይ ነው የሚወጣው። አሮጌዋን የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳያበሩ። ፍሪጁን እንዳይነኩ። ሄጄ የመዳብ ዘንግ አምጥቼ መሬት ውስጥ እስክቀብር ድረስ፣ በጭራሽ!”

ገባሁ፤ ጫማዬን ደፉ ላይ አውልቄ። ባና ካሶንዴ በአዲሱ ወጥ ቤቷ መካከል ቆማ ፊቷ በርቶ ነበር። ያን ፊት በአማቿ ቃል ማጥፋት ከበደኝ። “በጭራሽ” የሚለውን ቃል ለማን ብዬ አውቃለሁ?

“አማችሽ ትንሽ ተጠንቀቂ ይላል፤ ለኮረንቲው” አልኳት።

“ሲፈራ! ሚስቱን እንዴት እንዳገባት ይገርመኛል” አለች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስወጣ ሙሶንዳ “ነገሯቸው?” አለኝ። “ነግሬያታለሁ” አልኩት። ዘንጉን ሊያመጣ ሄደ።

እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ የበቆሎ ዱቄት መንፋት ጀመርኩ። ተነስቼ ልንገራት እላለሁ፤ ደግሞ ምን ብዬ እላለሁ። በመስኮቱ የድስት ድምፅ ሰማሁ። ለሙንኮዮው ገንፎ እየጣደች ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃዋ ማብሪያ ቀጭ ሲል ወንፊቱን አስቀመጥኩ። ያኔ እንኳ አልጮኽኩም። “ባና ካሶንዴ...” አልኩ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። ጩኸት አይደለም። ጥርሱ የተቆለፈ ሰው “እ... እ... እ...” የሚለው ዓይነት።

በመስኮት ተመለከትኩ። በባዶ እግሯ እርጥቡ ሴራሚክ ላይ ቆማ የፍሪጁን የብረት እጀታ ጨብጣለች። መልቀቅ አልቻለችም። ክንዷ እንደ ተወጠረ ገመድ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ግን አያየኝም። ያቺ ዘነዘና ይዛ የቆመች ሴት!

ሙሶንዳ ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ በአጥሩ በር እየገባ ነበር። ፊቴን አይቶ ዘንጉን ጣለ።

“ዋናው ማጥፊያ የት ነው?”

የማዕድን ቤቶች ሁሉ አንድ ናቸው፤ የእሷ የት እንዳለ የእኔን ያህል አውቀዋለሁ። ማጥፊያው ያለው መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ከአልጋዋ ራስጌ በላይ ነው። ደጃፏን ያልረገጠን አማች የሚስቱ እናት አልጋ ላይ ውጣ እንዴት ይባላል?

“እማማ! የት ነው!”

“መኝታ ቤት! ከአልጋዋ በላይ! ውጣበት!” ስል ራሴን ሰማሁ። አጥር ማዶ ያሉ ዶሮዎች ተንጫጩ።

ከነቦቲ ጫማው ሮጠ። አልጋው ሲጮህ፣ ማጥፊያው ሲወርድ ሰማሁ። የፍሪጁ ድምፅ ቆመ። ባና ካሶንዴ እንደ ባዶ ጆንያ ወለሉ ላይ ተከመረች።

እስክትተነፍስ ድረስ ያለፈውን ጊዜ አልቆጥረውም። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የራሴን ልብ ነበር የምሰማው። ከዚያ አሳላት። መዳፏ ላይ የእጀታው ቅርጽ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል።

ሙሶንዳ ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ግድግዳውን በትከሻው እየታከከ ወደ ደጅ ወጣና ማንጎው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

“ባና ቺሉፍያ” አለችኝ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር። “ጠዋት ምን ነበር ያለሽ? እንዳለው ንገሪኝ።”

ነገርኳት። ሁሉንም፣ “በጭራሽ” የሚለውንም ጨምሬ። ዓይኗን ከደነች። የሚመጣውን ስድብ ጠበቅሁ፤ ስድቡ በመጣልኝ ብዬ ተመኘሁ።

“በይ አሁን የእኔን ውሰጂለት። ከዚህ አንድ ቃል ብታለሳልሺ ይህችው የተቃጠለች እጄ ታገኝሻለች። ሴራሚኬን በቦቲ ረግጠኸዋል በይው። አንሶላዬንም። መኝታ ቤት ድረስ የገባን ሰው ደጅ የሚያቆም ሕግ አላውቅም በይው። ከሆስፒታል ስመለስ ዘመድ ጠርቼ በወግ አስገባሃለሁ፤ እስከዚያ ዘንጉን ቅበር።”

ቃል በቃል ነገርኩት፤ ስድቡን እንኳ አልቀነስኩም። እያለቀሰ ሳቀ፤ ዘንጉንም ከቧንቧው አጠገብ መሬት ውስጥ በመዶሻ መትቶ ሽቦውን አሰረበት። በየመዶሻው ምት ዘለልኩ።

ሐኪሞቹ ልቧን ለሁለት ቀን ተከታተሉት። በሦስተኛው ሳምንት ድግሱ ሆነ፤ ሙሶንዳ ዶሮውን ከሚስቱ እናት ፊት ለፊት ተቀምጦ በላ። ባና ካሶንዴ ሙንኮዮ ልታመጣ ተነሳችና ፍሪጁ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፋሻው የወለቀለት መዳፏ ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠለጠለ። እንዲያ ቆማ አይቻት አላውቅም።

የላስቲክ ነጠላ ጫማዬን ከደፉ አንስቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩላት።

“አድርጊው” አልኳት። “ጫማ ሳታደርጊ በጭራሽ አትነኪም።”

አደረገችው።