ዘጠነኛው ወንበር

ኔሬይዳ ሳማሪፓ ታናሽ እህቴ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት የኮክ ፍሬ ማሸጊያ ቤት ሠርታ፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ እኔ መዝገብ የምይዝበት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባች። እዚያ ሃያ አራት ተማሪዎች አብረው ተመድበው፣ አብረው ተምረው፣ አብረው ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የሚዘጋጁበት ቡድን አለ። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የአቴንዳንስ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም ይፈርማል። የኔሬይዳ ቦታ ዘጠነኛው ወንበር ነበር። የምትፈርመው በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። "አለቃዬ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሰዓት በቀይ ሲሰርዝብኝ ኖሯል፤ አረንጓዴው የእኔ ነው" ትል ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን ከጓደኞቿ ጋር በኖቬምበር የመጨረሻ ቀን ላከች። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት ወደ ክፍል ስትመጣ፣ በሸለቋችን ጉም ውስጥ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላት።

እናታችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ዲፕሎማዋን አምጪልኝ።"

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቡድኑ ካሉት ሠላሳ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች በሠላሳው ለተገኘ ተማሪ፣ ቢሞትም ዲፕሎማው ይሰጠዋል። ኔሬይዳ የተገኘችው በሃያ ዘጠኙ ነው።

እሷ ከሞተች በኋላ የነበሩት የሁለት ክፍለ ጊዜ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ መጡ። ሁለቱም ላይ፣ በዘጠነኛው መስመር፣ ፊርማዋ አለ። አረንጓዴ።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተናድጄ ክፍላቸው ሄድኩ።

"የሞተች ሰው ፊርማ የሚያስመስለው ማነው?"

"ሚስ፣ የእኔን ጽሕፈት አይተውት ያውቃሉ?" አለ ስምንተኛው ላይ የሚቀመጠው መካኒክ፣ ቹይ። "የራሴን ስም እንኳ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።"

ማንም አልሳቀም። ከባዶው ወንበር በዚያኛው ጎን ያሉት አሮጊቷ ተማሪ፣ ሁሉም በአክብሮት ‹ዶኛ› የሚሏቸው ኦፌሊያ፣ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ማንንም ጥለን አንሻገርም ብለን ተማምለናል። ስለዚህ ወንበሯን አላነሳንም። ቹይ ወረቀቱን እላዩ ያስቀምጣል፣ እኔ አነሳለሁ። በቃ።"

"ፊርማውስ?"

"እሱን እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር። መዝገቡ አንቺ ዘንድ አይደል?"

ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። መስኮቱ በጉም ነጭ ሆኗል። ወረቀቱ ዞሮ ቹይ ጋ ደረሰ፤ ፈርሞ ወንበሩ ላይ አኖረው። ዓይኔን አልነቀልኩም። ማንም አልነካውም። ዶኛ ኦፌሊያ አንስተው ዘጠነኛውን መስመር በጣታቸው ነኩት።

"እርጥብ ነው" አሉ።

ዘጠነኛው መስመር ተፈርሟል።

ቢሮዬ ተመልሼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ከአደጋው በኋላ ፖሊሶች የሰጡኝ እስክሪብቶዋ በላስቲክ እንደታሸገ ነው። ማሸጊያው አልተነካም። ላስቲኩ ግን ከውስጥ አረንጓዴ ሆኗል።

በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በዓይኔ ያላረጋገጥኩትን አላጸድቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊርማዎች በቀይ ሰረዝኩ። እጄ እምቢ እያለኝ ሰረዝኩ። ሦስተኛውን ተውኩት። ድምር፣ ሠላሳ። ሥሩ ላይ የራሴን ስም ፈረምኩ።

እናቴ ዲፕሎማውን ተቀብላ የልጇን ስም በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ አረንጓዴ የሆነውን ጣቷን አየችና፣ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።