ሽቦ ይስባል እንጂ አይገፋም

ልጆቼን ያሳደግኳቸው «ያላያችሁትን አትመስክሩ» እያልኩ ነው። ጎረቤትም ሰምቶታል፤ ስቆጣ ድምፄ ከአጥር ያልፋል። አሁን የምጽፈውን ሌላ ሰው ቢጽፈው እመርጥ ነበር፤ ግን ከእኔና ከአንዲት ልጄ በቀር ከሥሩ የሚያውቀው የለም።

ስድስት ገበሬዎች በጋራ የያዝነው አሮጌ ትራክተር አለ። የሚነዳው አበልጄ ነው፤ የመጀመሪያ ወንድ ልጄን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። የምጠግነው እኔ ነኝ። ጥገና ማንም አላስተማረኝም። ሞላሌ ገበያ ስወርድ መኪና ሲፈታ ቆሜ እያየሁ፣ የተጣለ ሞተር ቤቴ እየፈታሁና እየገጠምኩ ለመድኩት። ይህንንም በየሄድኩበት በኩራት አወራ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሁለት ቀን ጥሎ አባራ። መሬቱ ርጥበቱን ሳይጥል ማረስ ነበረብን፤ በእኛ አገር የበልግ ገብስ ቀጠሮ አይሰጥም። ተረኛው አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ስለነበሩ ትራክተሩ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከቆመበት ከእሳቸው ማሳ ዳር በጠዋት ተሰበሰብን። አበልጄ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተሽከረከረ እንጂ አልተነሣም። ደጋግሞ ሞከረ። የባትሪው ድምፅ እየሰለለ ሄደ።

«ተው፣ ባትሪውን አትጨርሰው!» አልኩት።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው «በሬ ቢሆን ጭራውን ጠምዝዘን እናስነሣው ነበር» አሉ።

«ይኸ ደግሞ ጭራም የለው» አለ አበልጄ ከላይ ሆኖ።

«እንግዲያ ጆሮው ላይ ጩህበት!»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የተሳቀው በእኔ ጥገና መሰለኝ።

ጭስ ማውጫውን አየሁት። ቅንጣት ጭስ አይወጣም። ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሞተሩ ውስጥ አልደረሰም ማለት ነው፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ማጣሪያውን ፈትቼ ያለውን ናፍጣ በጣሳ ቀዳሁት። ከጣሳው ሥር ሁለት ሦስት የውሃ ጠብታዎች እንደ ዶቃ ተንከባለሉ። እንደኛ ባለ ብርዳም አገር ታንከሩ ውስጡን ያልበዋል፤ ያን ያህል ውሃ ከየትኛውም ማጣሪያ ሥር ይገኛል። ይህንን አውቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን ማወቁ አልጠቀመኝም። ናፍጣውን ከሞላሌ ሁለት ቀን ደጅ ጠንቶ በጀሪካን ያመጣው አበልጄ ነበር።

ልጄ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥታ ነበር፤ የምትማረው የተሽከርካሪ ጥገና ነው። ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ፖምፓው ጎን ያለችው የማጥፊያዋ ምላስ ተመልሳ እንደሆነ አይተዋታል?» አለችኝ።

ሞተራችን የሚጠፋው መሪው ሥር ያለው እጀታ ሲሳብ ነው። እጀታው ወደ ቦታው ሲገፋ ፖምፓው ላይ ያለችው ምላስ ትመለስና ናፍጣው ይከፈታል። እጀታው ገብቷል።

«ገብቷል እኮ፤ ዓይን የለሽም?» አልኳት። «ይልቅ ሂጂና ጨርቅ አምጪ።»

ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ ጣሳውን ለአበልጄ ዘረጋሁለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ናፍጣ ነዋ።»

«ከሥሩስ?»

ዝቅ ብሎ አየ። «ውሃ ይመስላል።»

«ጠላ መሰለህ የምታቀጥነው? ከላይ ቀንሰህ በውሃ ሞላኸው?»

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ከሰመ።

«አበልጄ፣ እኔን ነው?»

«ሌላ ማን አመጣው?»

«አንተ ሰው፣ ልጅህን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን የቆምኩ እኮ ነኝ።»

«እንግዲያ ማልልን» አልኩት።

አበልጅ አበልጁን አያስምልም። ሌላ ሰው ሲያስምለው ቢያይ እንኳ ከፊቱ ይቆማል እንጂ። አበልጄ አልማለም። ወረደ፣ ቁልፉን መቀመጫው ላይ አስቀመጠ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። ከኋላዬ አንዱ «ንጹሕ ቢሆን ይምል ነበር» ሲል ሰማሁ።

ማጣሪያውን አጥቤ መለስኩ፤ የገባውንም አየር አስወጣሁ። ናፍጣው ፖምፓው ድረስ ጥርት ብሎ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አያልፍም። ጎንበስ ብዬ ፖምፓውን በእጄ ስዳስስ ጣቴ ምላሷን አገኛት። አልተመለሰችም።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የማጥፊያው ካቮ፣ እጀታውን ከምላሷ ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ፣ ተበጥሶ በአጥር ሽቦ ተክቼው ነበር። እጀታውን ስስበው ሞተሩ ጠፋ፤ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። እንደገና አስነሥቼ አላየሁትም። ሽቦ ይስባል እንጂ አይገፋም። እጀታው ሲገባ ሽቦው መሐል ላይ ጎብጦ ቀርቷል። ናፍጣውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ጨርቁን ይዛ አጠገቤ ጎንበስ ብላ ነበር። የጎበጠውን ሽቦ አየች፤ ጣቴ ምላሷን ሲመልስም አየች። ጨርቁን አቀበለችኝ።

ወጥቼ ቁልፉን አዞርኩ። ባትሪው በቀረችው ጉልበት አቃሰተና ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉ ሽማግሌው። «ውሃውን አጥቦ አወጣው እኮ!»

«አሜን» አልኩ። በዕድሜዬ ከዋሸሁት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው።

ቀኑን ሙሉ አረስኩ። ቤት ስገባ ልጄ እጄን እያስታጠበችኝ «አባባ፣ ለሰዎቹ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልንገራቸው?» አለችኝ።

«አፍሽን ያዢ!»

«እኔ የምመሰክረው ያየሁትን ነው» አለችና ማስታጠቢያውን አንሥታ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስታችን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እንድንገናኝ ተባለ፤ ሌላ ሾፌር ለመምረጥ። አበልጄ አልመጣም። ልጄ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ወደ እኔ ታያለች። እውነቱን ልናገር፤ የተነሣሁት ሕሊናዬ ገፍቶኝ ብቻ አይደለም። እሷ እንዳትቀድመኝ ፈርቼ ነው።

«ናፍጣው ደኅና ነበር» አልኩ። «የዘጋው የእኔ ሽቦ ነው። ሰውየውን በሐሰት ነው ያዋረድኩት። ያወቅሁትም ያን ዕለት እዚያው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው «እኔም 'እጅህ ይባረክ' አልኩህ!» አሉ፤ በቁጣ ነበር።

ያንኑ ቀን እሳቸውን ይዤ አበልጄ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀን። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ብብቴን ይዞ አነሣኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። ሃያ ዓመት ያህል አንተ ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን፤ አሁንም እንደድሮው ትከሻዬን መታ አድርጎ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ይግቡ እንጂ» አለ። «ምን ቆመው ቀሩ?»

ሽማግሌውን ያናገረ መስሎኝ ዞር አልኩ። እሳቸው ግን ቀድመው ገብተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

ትራክተሩን ዛሬም የሚነዳው እሱ ነው። ሲበላሽበት ደጄ ድረስ መጥቶ «ቢመጡና ቢያዩት» ይለኛል። ሰው ሲሰማ ያከበረኝ ይመስለዋል።