«አልስማማም» ማለትን ያስተማሩኝ አዴ ታደለች

ሁላችንም «አዴ»፣ እናት፣ እያልን የምንጠራቸው ታደለች ጉርሙ አርፈዋል። መርዶው ጎባም ሮቤም ተሰምቷል፤ ይህን የምጽፈው ርቃችሁ ላላችሁ፣ በተለይም አየርላንድ ሳለን ኩሽናቸውን ታጨናንቁ ለነበራችሁ ሁሉ ነው።

የባሌ ጎባ ልጅ ነበሩ፤ ሮቤ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዋላጅ ነርሶችን ያስተምሩ ነበር። ለሦስተኛ ዲግሪ አየርላንድ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ነበሩ። እኔ ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰብል እንድማር የተላክሁ ወጣት መምህር። በአንድ ቤት ኖርን። ዝናቡ በጎን እየመታን ስንነጫነጭ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ካፖርታቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጣሉ፤ «የሳነቴን ተራራ ብርድ የቀመሰ ሰው በዚህ ይማረራል?» ይሉናል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ካፖርት ይዘው ይሄዱ ነበር። ካፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ የእኔ ነበር።

አንድ ቀን ከአማካሪዬ ቢሮ ፊቴ ጠቁሮ ገባሁ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አሉኝ፣ ድንች እየላጡ።

አማካሪዬ፣ ደግ ሽበታም ፕሮፌሰር፣ ጥናቴን ያቀዱት የባሌ ገበሬ በዓመት አንዴ ብቻ ይዘራል ብለው ነው። የእኛ ገበሬ ግን በበልግም በመኸርም ይዘራል። «ትስማማለህ?» ባሉኝ ቁጥር እሺ ስል ወራት አለፉ። ዕቅዱ በመምህራን ፊት የሚቀርብበት ጊዜ ደርሷል፤ ከወደቀ ባዶ እጄን ወደ አገሬ መመለሴ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«አባቴ ይሆናሉ እኮ፣ አዴ! የትልቅ ሰው ንግግር እንዴት አፈርሳለሁ?»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «ነውሩ ሳይጠየቁ ዘሎ መግባት ነው። ተጠይቀህ ዝም ካልክ ግን ሰውየውን አላከበርክም፤ ገደል ሲገቡ ቆመህ አየሃቸው። አክብረህ ተቃወም።»

ከዚያም ወንበር ስበው ራሳቸው ፕሮፌሰሩን ሆኑ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው «ትስማማለህ?» ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። «አልስማማም» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ እስኪወጣኝ ድረስ እራት አልቀረበም።

በማግስቱ ለፕሮፌሰሩ ተናገርኩ። ወንበር ሰጡኝና «ከመጀመሪያው አስረዳኝ» አሉኝ። ዕቅዱን አብረን እንደገና ሠራነው፤ አለፍኩም። ዛሬ ሮቤ ላይ የማስተምረው በዚያች ቃል ነው።

አዴም አገር ሲመለሱ ይህንኑ አስተማሩ። ክፍል ውስጥ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፤ የሚያርማቸው ተማሪ ካልተነሳ ትምህርቱ ወደፊት አይሄድም። «ነገ ሐኪሙ ሲሳሳት እናቲቱ እየደማች ዝም ልትዪ ነው?» ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸው ዛሬ ከደጋው ሪራ እስከ ቆላው ደሎ መና ያዋልዳሉ።

ታመው ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙ። «አታልቅስ፤ እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ። አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ሳልመልስላቸው እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

አዴ፣ ጠይቀውኝ ዝም ብያለሁና አሁን ልመልስ። በቀብርዎ ዕለት ከደሎ መና የመጣች ተማሪዎ መቃብርዎ አፈር እንደለበሰ ቸኩላ ተሳፈረች፤ ምጥ የያዛት እናት ትጠብቃት ነበር። እርስዎ የሰጧት ድፍረት አብሯት ሄደ። በሰላም ይረፉ፣ እናቴ። ሥራዬን ጨርሻለሁ ባሉት ግን፣ እንዳስተማሩኝ አክብሬ፣ አልስማማም።