ባለ አንድ ዓይኑ ዳይኖሰር

ልጅ እያለሁ፣ መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከጅብ በላይ የምፈራው አንድ ሥዕል ነበር። ሦስተኛ ክፍል ስንገባ የሳይንስ መምህራችን በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዳይኖሰር ስሎ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሰቀለልን። በጎኑ ነው የቆመው፤ ቆዳው አመድማ፣ አፉ የተከፈተ፣ ዓይኑ አንድ።

ሌሎቹ ልጆች የፈሩት ጥርሱን ነው። እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ። አባባ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እያሳዩ፣ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው እንደሚያዩን፣ ሰይጣንና ወገኖቹ ግን በጎናቸው ዞረው ባንድ ዓይን እንደሚሳሉ ነግረውኛል። ስለዚህ መምህራችን ምን እንደሰቀለብን የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠመኔና አቧራ በሚሸተው ክፍል ውስጥ ቀና ብዬ ላየው አልደፍርም፤ ካላየሁት ደግሞ ከተሰቀለበት የወረደ ይመስለኛል። በኋላ ጧት ጧት ሆዴን አመመኝ እያልኩ ቀረሁ። እናቴ ጤና አዳም ብታጠጣኝ ብታጠጣኝ አልሻል ስላት፣ ትምህርቱ ይቅርባት ማለት ጀመረች።

አባባ አውጣጥተው ነገሩን ሲሰሙ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። አስወርደው ያቃጥሉታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊት ለፊቱ ቆመው ብዙ አዩት።

«ይኼን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?» ብለው መምህሩን ጠየቁት።

«የለም አባ። የተገኘው አጥንቱ ነው። ቆዳውም ቀለሙም ግምት ነው።»

«ግምት ከሆነስ፣ አንድ ዓይን ብንጨምርለት ይከፋል?»

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጠመኔ አቀበላቸው። አባባ ጉንጩ ላይ ትልቅ ዓይን ሳሉለትና «አብሽሪ ልጄ፣ አሁን የኛው ነው» አሉኝ። ያን ቀን እጃቸውን አልለቀቅሁም። በማግስቱ ግን ብቻዬን ሄድኩ።

ዛሬ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ያንኑ እንስሳ ስልኬ ላይ ላባ ለብሶ፣ እንደ ዶሮ እንቁላሉን ታቅፎ ታየዋለች፤ «ይኼም ግምት ነው እኮ እማ» ብላ ታስተምረኛለች። አትፈራውም። የምትፈራው ተኩስ ነው። ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ሰንብቷል። አባባ ወደምፈራው ነገር እጄን ይዘው ወሰዱኝ፤ እኔ እሷን ወዴት ልውሰዳት? ድምፁ ሲጀምር አልጋ ሥር ትገባለች። እኔም አብሬያት እገባለሁ።