ግድግዳ አፍርሼ ያስገባሁት ቶርኖ

ትናንት ጠዋት ከዶሮዬ ጋር ተጣላሁ። በእጄ የሠራሁላትን ቆጥ ትታ ሌላ ቦታ እንቁላል መጣል ጀምራለች። እንግዲህ የዘንድሮ ትልቁ ችግሬ ይሄ ነው...

የምትጥለው ቶርኖዬ ሥር፣ የብረት ፍቅፋቂ በሚጠራቀምበት ትሪ ላይ ነው። ፍቅፋቂ ኖሮበት አያውቅማ።

ቶርኖውን ያገለገለ ገዝቼ ነው ከባሕር ዳር ያመጣሁት። ብረት ይጠርባል፤ ከላይ ደግሞ ሚሊንግ ስላለው ይቦረቡራል። የወፍጮ ሻፍት፣ ማዞሪያ ዘንጉ፣ የተበላበት ሁሉ ባሕር ዳር ድረስ ከሚንከራተት፣ እዚሁ ንፋስ መውጫ እኔ ቤት ይምጣ ብዬ ነው። ሁለቱም በሬዎቼ ለእሱ ተሸጡ። ሙያውን ከስልክ ቪዲዮ ተማርኩ... መራቂውም ተመራቂውም እኔው።

በሩ አላስገባው አለ። ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ የጓዳውን ግድግዳ አፈረሰልኝ፤ በአጣና ተሸክመን አስገባነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግድግዳውን በጭቃና በጭድ መልሰን መረግነው። ባለቤቴ ይታይሽ በእበት ለቀለቀችው። አማረ።

ከዚያ በኋላ ነው መብራት የሚያውቀውን ጎረቤቴን ታረቀኝን የጠራሁት። ሞተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ... አንዴ እኔን፣ አንዴ እርጥቡን ግድግዳ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባለ ሦስት መስመር መብራት ነው የሚፈልግ። ቤትዎ ያለው አንድ ነው።»

«ሁለቱን ቀስ እያልን ብንጨምርለትስ?»

«መስመሩ ያለው ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው። ማሽኑ ነው ወደዚያ የሚሄድ።»

«በየት በኩል ወጥቶ?»

መልሱን የሰጠችኝ ይታይሽ ናት።

«በክረምት ግድግዳዬን የነካ ሰው ከነማሽኑ ይወጣል።»

እውነቷን ነው። በዚህ ዝናብ ጭቃ ቢመረግ አይደርቅም፤ ቤቱ ይናዳል። መስከረምን ልጠብቅ እንዳልል ደግሞ ወለሉ አፈር ነው። ውሃ ልክ ባስቀመጥኩ ቁጥር ማሽኑ በአንድ ጎኑ ትንሽ ሰምጦ አገኘዋለሁ። እስከዚያ መጣመሙ አይቀርም። ማሳዬንም ዘንድሮ ሌላ ሰው ነው በእኩል የሚያርሰው... ቀልዴን አይደለም።

ትናንት እንቁላሉን አንስቼ ቀና ስል በሩ ተንኳኳ። የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። የወፍጮ ሻፍት በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

«ከስማዳ ነው የመጣሁ። ወፍጯችን ቆሞ አገሩ በድንጋይ እየፈጨ ነው። ቤቱ ቶርኖ የተከለ ሰው አለ ቢሉኝ ጊዜ... ባለሙያው እርስዎ ነዎት?»

ደጃፌ ላይ ቆሞ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስመኝ ነው የኖርኩት። ይኸው መጣ።