የሚካኤል ዕለት ልቃቂት

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አንዲት ሴት አጠገቤ ቁጭ ብላ የባዘቶ ከረጢቷን ስትፈታ፣ ያ ፀሐይ የመታው የጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ የማልደነግጠው ሴትዮ፣ ልቤ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይደልቅ ጀመር። ጥጥ የሚፈራ ሰው አለ ቢሉኝ እኔም እስቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ በዚያ ዓመት በረዶ በጉና ሥር ያለውን ገብሳችንን ከነድንቹ ደብድቦት ስለነበር፣ የገጠሩ ሴት ሁሉ ተስፋ ከተማ ያሉት እትዬ የሺ ነበሩ። ቆርቆሮ ቤታቸውን የፈትል ማኅበር አድርገው ለእያንዳንዷ ሴት ጥጥ መዝነው ይሰጣሉ፤ እሷም ቤቷ ፈትላ በወሩ ክሩን ትመልሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ጋቢ አሸምነው ይሸጡና ድርሻዋን ይሰጧታል። ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን በሚዛን ነበር። ክር የጎደለባት ሴት ቦታዋን ደጅ ተራ ለምትጠብቀው ትለቃለች።

እናቴ ቦታዋን ከለቀቀች የት እንደምትሄድ አውቅ ነበር። ደላላው ሁለቴ ቤታችን መጥቶ ስለ ዓረብ አገር አውርቷል፤ ለፓስፖርት የተነሳችውም ጉርድ ፎቶ ከመደቡ ራስጌ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቷል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር መኖሩን አይ ነበር። ፎቶው ካለ እሷም አለች።

እኔ ኩፍኝ ይዞኝ ስታስታምመኝ ሥራዋ ወደ ኋላ ስለቀረ፣ ርክክቡ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚካኤል ዋለ። በሚካኤል እንዝርት አይሾርም። ጎረቤታችን እማሆይ "በበዓሉ የፈተለች እጇ ይደርቃል" ሲሉ ሰምቼ ነበር። እናቴ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "እማሆይ ብቅ ካሉ ሳል ሳል በይ" ብላ እኔን ደጃፍ አስቀምጣ፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሾር ጀመር። ከፍርሃቴ ብዛት ለዶሮውም ለፍየሉም እየሳልኩ ስላስቸገርኳት፣ ማታ የእውነት ሳል የያዘኝ መስሏት ከልቧ አዝና ጦስኝ አፈላችልኝ።

በነጋታው ገና ሳይነጋጋ ያንን የሚካኤል ዕለት ልቃቂት ከቅርጫቱ አውጥቼ ሮጥኩና ቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ውስጥ ወተፍኩት። ቤታችን ካልተገኘ መልአኩ የእናቴን እጅ አያደርቀውም ብዬ ነው። ስመለስ ሊጥ ታቦካ ነበር፤ አሥሩም ጣቶቿ ደህና ነበሩ፤ ደስ አለኝ።

በርክክቡ ቀን እትዬ የሺ ክሯን ሁለቴ መዘኑ።

"አይጥ ወስዳብኝ ይሆናል፣ እትዬ" አለች እናቴ።

"ሌላም የራባት አለች፣ ልጄ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ።

እኔ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ብናገር በሚካኤል መፍተሏ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ሊወጣ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ፎቶው አለ። ተራ ጠባቂዋ የእናቴን ጥጥ ተሸክማ ስትወጣ ዓይኔ እያየ ነው፤ እሷም ጉንጯ የገባ፣ ልጅ ያዘለች ነበረች። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ስንጥቁ ባዶ ነበር።

እናቴ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ተመለሰች። የሰው ቤት ዕቃና ወለል፣ በረኪናና ቀዝቃዛ ውሃ ጣቶቿን አድርቋቸው አይታጠፉም፤ እንዝርት ብሰጣት ከእጇ ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ፈትላ አላየሁም። እማሆይ ዐርፈዋል፤ የእትዬ የሺ ማኅበርም ከሳቸው ጋር አብቅቷል፤ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእሷ መንገሩን ግን እፈራለሁ።

ቅዳሜ ከገበያ ገብቼ እንደ ልማዴ የእናቴን ጣቶች ቅባት ቀብቼ ሳሽላት፣ "ያቺ አይጥ ምን አለ ሌላ ነገር ብትወስድ ኖሮ" ብላ ሳቀች። እነግራታለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳል ነው።

"ጦስኝ አፍልተሽ ጠጪ እንጂ፣ ልጄ" አለችኝ። ዱሮ የምታፈላልኝ እሷ ነበረች።